ኮረኔሉ የተሸኘበት ሳምንት

ሃኒ ሥራ የያዘችው ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ፣ የድንች ዘር በሚያባዙ ገበሬዎች ማኅበር ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልዳ ያደገች፣ እዚያው በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀች ልጅ ናት። ማኅበሩ ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ሲሆን ሃኒ የተቀጠረችው እሱን እንድትይዝ ነው። ቅጥሯም ገና የሙከራ ነበር።

ኮምፒውተሩ ያን ያህል ትልቅ ነገር አይሠራም። በገበያው ቀን፣ ረቡዕ ረቡዕ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ካሉት ቀበሌዎች የሚመጣውን ገበሬ ስም ይመዘግባል፣ ተራ ያወጣል፣ ማን ከየትኛው መጋዘን የትኛውን ዘር እንደሚወስድ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ስም ሲጠራ ይኮላተፋል። ገበሬው ግን ይወደዋል። ከእሱ በፊት ተራ የሚያወጡት ሰዎች ነበሩ፤ ሰው ደግሞ ዘመድ አለው። ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ሊቀ መንበሩን አቶ ገዳሙን ራሳቸውን ከሁሉም በኋላ ጠርቷቸው፣ ሰልፈኛው ያን ቀን እየሳቀ ነው ወደ ቤቱ የገባው።

አቶ ገዳሙ ማኅበሩን ያቋቋሙ ሰው ናቸው። የሥራ ዘመናቸው ካለቀ ቆይቷል። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን የሚባሉ ብርቱ ገበሬ በእሳቸው ቦታ ተመረጡ፤ ጉባኤው አጨበጨበ፤ አቶ ገዳሙም አጨበጨቡ። በማግስቱ ግን አቶ ገዳሙ እንደ ወትሮው ቢሮ ገብተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን መጥተው አንኳኩ፣ ገቡ፣ እንደምን አደሩ አሉ፣ ወጡና ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የቀድሞው ሊቀ መንበር ቢሮ ውስጥ፣ አዲሷ ሊቀ መንበር አግዳሚው ላይ ናቸው። ደብዳቤ ሲመጣ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይፈርማሉ፤ ማኅተሙ ያለው ቢሮ ውስጥ ስለሆነ አንኳኩተው ገብተው ያስመታሉ።

«እንዴት ሰው ተነሥ ይባላል?» ይላሉ ሲጠየቁ። «ሲደክማቸው ይነሣሉ።»

ነገሩ የጀመረው በፕሪንተር ነው። አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት የተራ ወረቀት የሚያትም አዲስ ፕሪንተር ሰጠ። ተሰካ፤ ኮምፒውተሩ ግን አላወቀውም። ምክንያቱ ለሃኒ ወዲያው ገባት። በኮምፒውተር ውስጥ ከሁሉም ሥር የሚሠራ አንድ ዋና ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣው፣ ሌላውን የሚቀሰቅሰው፣ ዕቃውንም ከዕቃው የሚያስተዋውቀው እሱ ነው። ከርነል ይባላል። የማኅበሩ ከርነል አርጅቶ ስለነበር አዲሱን ፕሪንተር ሊለየው አልቻለም። አዲስ ከርነል መጫን ነበረበት።

ሐሙስ ዕለት፣ ኔትወርኩ ደህና ሲሆንላት፣ ወደ አቶ ገዳሙ ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን ላሻሽለው ብዬ ነበር።»

«ማሻሻል ምን ክፋት አለው» አሉ አቶ ገዳሙ፣ የቦቲ ጫማቸውን ጭቃ በእንጨት እየጠረጉ። «አሻሽይው።»

አሻሻለችው። አዲሱ ከርነል ወረደ፣ ተጫነ። በመሀል አንድ ማስጠንቀቂያ ብልጭ ብሎ አለፈ፤ ሃኒ በመስኮት ጉሙን እያየች ስለነበር አላስተዋለችውም። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። ስክሪኑ ጠቆረ። ነጫጭ ፊደላት እንደ በረዶ ከላይ ወደ ታች ወረዱና ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

የመጨረሻውን መስመር አነበበችና እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። አቶ ገዳሙ መጥተው ከኋላዋ ቆመዋል። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ግን የልጅቷ ትከሻ እንደወደቀ አይተዋል።

«ምን ይላል?»

ሃኒ መዋሸት አልሆነላትም። «ከርነሉ ደንግጧል ይላል።»

«ማ?»

«ከርነሉ።»

በሩ ላይ የማኅበሩ ዘበኛ አሥር አለቃ ገብረ ሚካኤል ቆመው ነበር። የድሮ ወታደር ናቸው። በእሳቸው ዘመን ኮሎኔልን ሁሉም ሰው ኮረኔል ነበር የሚለው። ቃሉን ሲሰሙ ሳያስቡት ተረከዛቸውን አጋጠሙ።

«ኮረኔል አይደነግጥም» አሉ። «ሌላ ነገር ይሆናል።»

«ኮረኔል አይደለም፣ አሥር አለቃ። ከርነል ነው። የፕሮግራም ስም ነው።»

«ይሁን። ግን እዚያ ማዕረግ ላይ የደረሰ እንዲህ በቀላሉ አይደነግጥም።»

«ሰው አይደለም።»

«ሰው ነው አላልኩም» አሉ አሥር አለቃ ቅር ብሏቸው።

አቶ ገዳሙ ስለ ማዕረጉ ግድ አልነበራቸውም። እሳቸውን ያሳሰባቸው ሌላ ነው። «ማን አስደነገጠው?» አሉ።

 ወዲያው ማጣራቱ ተጀመረ። አሥር አለቃ ጉንፋን ይዟቸው እንደከረመና ጠዋት በመስኮቱ በኩል ጠንከር አድርገው እንዳሳሉ በራሳቸው ፈቃድ ተናገሩ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከአግዳሚው ሆነው የመጋዘኑን የቆርቆሮ በር ነፋስ ሲያጋጨው መስማታቸውን አስታወሱ። አቶ ገዳሙ በሩ በገመድ እንዲታሰር አዘዙ። አሥር አለቃም ወጣ ብለው የዳማከሴ ቅጠል ይዘው ተመለሱ፤ በመዳፋቸው አሽተው ኮምፒውተሩ ሙቅ አየር በሚያወጣበት ቀዳዳ አጠገብ ያዙለት። ሃኒ ውሃ እንዳይረጩበት ብቻ ለመነች። ቃል ገቡላት።

በማግስቱ ጠዋት ጭንቅላቷ ተረጋግቶ መጣች። ኮምፒውተሩን አበራችና አንዱን ቁልፍ ተጭና ያዘች። የስሞች ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አሉ አቶ ገዳሙ።

«የድሮዎቹ ከርነሎች ናቸው። አዲስ ሲመጣ አሮጌው አይጠፋም፤ እዚያው ይቆያል።»

ከአሮጌዎቹ አንዱን መረጠች። ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበና እንደ ድሮው ተነሣ። በድምፅ ማጉያውም እንኳን ደህና መጣችሁ አለ። አሥር አለቃ ሰላምታ ሰጡት። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ተመስገን አሉ።

የሃኒ ደስታ ግን ብዙ አልቆየም። አሮጌው ፕሪንተሩን አያውቀውም። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ደግሞ ኮምፒውተሩ ወደ አዲሱ ሄዶ መደንገጡ አይቀርም። ሮብ ገበያ ላይ መብራት የሚጠፋው አንዴ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ስትፈልግ፣ ያመለጣትን ማስጠንቀቂያ አገኘችው። ለሁሉም በሚገባ መንገድ አስረዳች።

«ከርነሎቹ የሚቀመጡባት ክፍል አለች። ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ያዘጋጀው ሰው ጠባብ አድርጎ ነው የሠራት፤ አሮጌዎቹ ሞልተዋታል። አዲሱ ሲመጣ እሱ ራሱ እንደምንም ገባ። ለመነሣት የሚያስፈልገው ጓዙ ግን ቦታ አጥቶ ቀረ። ሲነሣ ጓዙ የለም። የት እንደሚሄድ አላወቀም። ለዚህ ነው የደነገጠው።»

«ምን ይደረግ ታዲያ?»

«አሮጌዎቹን ላንሣቸው። ቦታ ይገኛል፤ አዲሱም ጓዙን ይዞ ይገባል። ብዙ ጊዜ አይወስድም።»

 ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ወዲያውም፣ ለነገር የጠረጉ እንዳይመስል ብለው ይሁን፣ ደገሙት። አቶ ገዳሙ ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩት።

«ምን አጠፉ?» አሉ።

«ምንም አላጠፉም።»

«ሠርተው ያውቃሉ?»

«አዎ። አሁን ያስነሣነው ራሱ ከእነሱ አንዱ ነው።»

«እና አሁን የተነሣልንን ነው የምታነሺው?»

ሃኒ ጥያቄው ትክክል እንዳልሆነ ታውቃለች፤ የቱ ጋ እንደተጣመመ ግን ለማሳየት አልቻለችም። አቶ ገዳሙ ጎንበስ ብለው ኪቦርዱን ነቀሉት። ገመዱን በጥንቃቄ ጠቅልለው ቢሮ ወሰዱትና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

«ኮሚቴው ሳይወስን ማንም እንዳይነካቸው» አሉ።

ሃኒ የምትኖረው ከእትዬ ረሺዳ ሱቅ ጀርባ በተከራየችው ክፍል ነው። እትዬ ረሺዳ ጋቢ፣ ጨርቅ፣ ባትሪና የስልክ ዕቃ የሚሸጡ፣ ዘለግ ያሉ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። የሃኒን ታሪክ ክንዳቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው ሰሙ።

«ኪቦርድ ነው የቸገረሽ?» አሉ። «እኔ ጋ አለ እኮ። ወስደሽ ጉዳይሽን ጨርሺ።»

«ያባርሩኛል፣ እትዬ።»

«ከተሠራ በኋላ ማን ያውቃል? አሮጌ ነው አዲስ ነው ብሎ የሚያይ አለ?»

ሃኒ አመነታች። ረቡዕ እየመጣ ነው፤ ግንቦት ነው፤ ዝናቡ ሳይጠና ዘሩ መሬት ካልገባ የገበሬው ዓመት ተበላሸ ማለት ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ኪቦርዱን በነጠላዋ ሸፍና ሄደች። አሥር አለቃ ገብረ ሚካኤል በሩ ላይ ቆመዋል። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ቆባቸውንም አድርገዋል።

«ኮረኔሉ እረፍት ላይ ናቸው» አሉ።

«አሥር አለቃ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ ልጄ። ትእዛዝ አለኝ። ምንድን ነው የያዝሽው?»

ነጠላውን ገለጠች። አሥር አለቃ ኪቦርዱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ እያዘኑ፣ ለአቶ ገዳሙ አስረከቡ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የተቆለፉት ኪቦርዶች ሁለት ሆኑ።

ሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ስብሰባውን መሩ፤ አቶ ገዳሙ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። የኮሚቴው ጸሐፊ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው። ዲማ ቅኔ ተምረው ሲያስተምሩም የኖሩ፣ ዛሬ ግን ከደቀ መዛሙርት ይልቅ ድንች የሚበዛባቸው ሊቅ ናቸው። ሃኒ ጉዳዩን እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳች። መሪጌታ ብዕራቸውን አንሥተው ጠየቁ።

«አሮጌው ተነሣ ስንል ሥራ ጀመረ ማለታችን ነው ወይስ ሥራ ለቀቀ?»

«ሁለቱንም ማለት ይቻላል» አለች ሃኒ።

መሪጌታ ደስ አላቸው። ለብቻቸው ፈገግ እያሉ ጥቂት ቆዩ።

ከዚያ አሥር አለቃ ገብረ ሚካኤል ስለ ኮረኔል ደንብ የሚያውቁትን እንዲናገሩ ተጠሩ። ቆመው መለሱ። ኮረኔል ጥፋት ከሌለበት አይባረርም፤ በክብር ጡረታ ይወጣል፤ ሲወጣም ይሸኛል አሉ። ሃኒ እጇን አወጣች።

«ኮረኔል እንዳልሆነ ግን ተግባብተናል አይደል?»

«ተግባብተናል» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን በትዕግሥት። «ሰው እንዳልሆነም ሰምተናል። ሰው ባይሆንም አገልግሏል።»

ያን ሐሳብ አጥብቀው የደገፉት አቶ ገዳሙ ነበሩ። «ሰው ሲሾም እንደግሳለን» አሉ። «ሲነሣ ግን በጓሮ በር ነው የምናስወጣው። ይሄ ልማድ ከዚህ ቤት ይቅር።» ድምፃቸው ትንሽ ሻከረ። ማክሰኞ ሽኝት ተደርጎ ሃኒ ከዚያ በኋላ ሥራዋን እንድትሠራ ያለ ተቃውሞ ተወሰነ። መሪጌታ ውሳኔውን ሲጽፉ «አገልግሏል» ወይስ «አገልግለዋል» በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ፤ አሥር አለቃ በአንቱታ እንዲሆን ጠየቁ፤ እንደ ጥያቄያቸውም ተጻፈ።

ለስጦታ ጋቢ ታሰበ። አሥር አለቃ ወደ እትዬ ረሺዳ ሱቅ ሄዱ።

«ለማን ነው?» አሉ እትዬ ረሺዳ።

«ለኮረኔሉ።»

«ቁመቱ እንዴት ነው?»

አሥር አለቃ አሰቡ። «ረጅም ይመስሉኛል» አሉ።

እትዬ ረሺዳ ሰፊውን አወረዱላቸው፤ ሽኝቱንም ራሳቸው ሊያዩት ሱቃቸውን ዘግተው መጡ።

ማክሰኞ ጠዋት መብራት ሄዶ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ እንደተፈራው ወደ አዲሱ ከርነል ሄደና ደነገጠ። ኪቦርድ ስለሌለ ሃኒ ምንም ማድረግ አልቻለችም። ስለዚህ ሽኝቱ ሲጀመር፣ በደጅ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለት የተቀመጠው ኮምፒውተር ያንኑ ጥቁር ስክሪን ለሕዝቡ አሳየ። ሕዝቡም ትንሽ አልነበረም። ለረቡዕ ዘር ቀድመው የመጡ ገበሬዎች የኮረኔል ሽኝት አለ ሲባል ሰምተው ግቢውን ሞልተዋል። አንድ ሽማግሌ ከፊት ሆነው አሥር አለቃን ጠየቁ።

«የት ናቸው?»

አሥር አለቃ ወደ ስክሪኑ አመለከቱ።

«አሟቸዋል እንዴ?»

«ደንግጠዋል።»

«ጡረታ ሲወጡ ያስደነግጣል» አሉ ሽማግሌው፤ ሌላ ሳይጠይቁም ዱላቸውን አስደግፈው ተቀመጡ።

ዳቦ ተቆረሰ። አሥር አለቃ ስለ ኮረኔሉ አገልግሎት ንግግር አደረጉ፤ ብዙው ስለ ነበሩበት ሻለቃ ጦር ነበር። ከዚያ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ተነሡ። ለበዓል የሚዘርፉት ቅኔ በግዕዝ እንደሆነ፣ ለዛሬ ግን ልጅቷም እንድትሰማው በአማርኛ እንዳደረጉት ተናግረው እንዲህ አሉ፦

አዲሱ እንዲነሣ ሁሉ ከሚጨነቅ፣
አሮጌው ተነሥቶ ቦታው ይለቀቅ።

ገበሬው ጎጃሜ ነው፤ ነገር ከሥሩ ማየት ያውቃል። የሁሉም ዓይን ስክሪኑ ላይ ቆየና፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ወደ አቶ ገዳሙ ዞረ። መሪጌታ ራሳቸው ምን እንዳሉ የገባቸው ያኔ ነው፤ ፊታቸው ቀላ። «ስለ ኮምፒውተሩ ነው ያልኩት» ብለው ቁጭ አሉ። ይህን ባይሉ ይሻል ነበር።

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ሰዉን ከዚህ ሐፍረት ለማውጣት ብለው ጋቢውን አነሡና ወደ ኮምፒውተሩ ሄዱ። ሃኒ ከለከለቻቸው።

«አይልበስ፤ ይግላል። ከጋለ ይበላሻል።»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ጋቢውን ዘርግተው መሀል ቆሙ። ወደ ኋላ መመለስም አልሆነላቸውም። በአገልግሎት ከሁሉም የሚቀድሙት አቶ ገዳሙ ስለሆኑ እሳቸው በውክልና ቢቀበሉስ የሚል ሐሳብ ከሕዝቡ መጣ። አቶ ገዳሙ ተነሡ። ጋቢው ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ልክ ሆነ። ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ።

«በኮረኔሉ ስም አመሰግናለሁ» ብለው ጀመሩ። «ኮረኔሉ ሥራ ሲጀምር ይህ ቤት ቆርቆሮ እንኳ አልነበረውም።»

ሃኒ ኮምፒውተሩ ሲመጣ ቆርቆሮው እንደነበረ ሰምታለች።

«በሽታ ገብቶ ድንቹ ሁሉ ማሳ ላይ በበሰበሰበት ዓመት ንጹሕ ዘር ፍለጋ በእግሩ ደብረ ማርቆስ ወርዷል። በጀርባው ተሸክሞ ወጥቷል። ሚስቱ ስትታመም ስብሰባ ላይ ነበር። ጉልበቱን ያመዋል፤ አይናገርም። ወንበሩን ወድዶ ነው ትላላችሁ። ወንበሩስ ይቆረቁራል። ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት እንዳላጣ ፈርቼ ነው።»

ፈርቼ ሲሉ ማንም አላረማቸውም። እሳቸውም አላረሙት። ድምፅ ማጉያውን ለመሪጌታ መለሱ። ከሰደርያ ኪሳቸው የቁልፍ ዘለላቸውን አውጥተው ከኮምፒውተሩ አጠገብ አኖሩት፤ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ፣ የቢሮው ቁልፍ፣ የማኅተሙ ሣጥን ቁልፍ። ከዚያ ጋቢያቸውን አጣፍተው በግቢው በር ወጡና ሽቅብ ወደ ቤታቸው በሚወስደው መንገድ ሄዱ። ሕዝቡ ተነሥቶ ቆሞ አሳለፋቸው። የደነገጡትን ኮረኔል ትተው የት እንደሚሄዱ የጠየቀ የለም።

«አሁን እኮ ጥሩ ተናገሩ» አሉ እትዬ ረሺዳ ቀስ ብለው። «ጋቢውም አምሮባቸዋል።»

ሃኒ ከቁም ሣጥኑ ሁለቱንም ኪቦርዶች አወጣች። የእትዬ ረሺዳን መለሰች፤ ኮምፒውተሩ ወደ ክፍሉ ሲመለስላትም በሌላው ሥራዋን ጀመረች። ኮምፒውተሩን በአሮጌው ከርነል አስነሣችው። አሥር አለቃ ገብረ ሚካኤል እያንዳንዱ ሲነሣ ቀድማ እንድትነግራቸው ጠይቀዋት ነበር። ነገረቻቸው። ተረከዛቸውን አጋጥመው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ።

«ሄዱ?»

«ሄዱ።»

ለሚቀጥለውም እንዲሁ አደረጉ። ክፍሏ ቦታ አገኘች። ሃኒ የአዲሱን ጓዝ እንደገና አዘጋጅታ አስገባችለት፤ ኮምፒውተሩንም አጥፍታ አበራችው። በመስኮትና በበር የተሰበሰበው ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ ብርሃኑ መጣ። ፕሪንተሩ ተንቀጠቀጠና አንድ ባዶ ወረቀት ተፋ። መሪጌታ ወረቀቱን አንሥተው ፊትና ጀርባውን አዩት፤ ምንም እንዳልተጻፈበት ሲያረጋግጡ እፎይ አሉ።

ረቡዕ ዘሩ ተከፋፈለ። ስም እየተጠራ፣ ወረቀት እየታተመ፣ ገበሬው ከረጢቱን በፈረስና በአህያ እየጫነ ሄደ። ችግሩ የነበረው ኮሪደሩ ላይ ነው። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቁልፎቹን በመቀነታቸው ቋጥረው አሁንም አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ቢሮው ተዘግቷል፤ ማኅተሙም ውስጥ ነው።

«ረስተውት ሄደው ቢሆንስ?» አሉ። «ገብቼ ተቀምጬ ቢመጡ ምን እላቸዋለሁ? ሂጂና ጠይቂልኝ።»

ሃኒ ሐሙስ ሄደች። መንገዱ ዳገት ነው፤ አቶ ገዳሙን ያገኘቻቸው ማሳቸው ላይ ነው። ድንች እየተከሉ ነበር። ጋቢው አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ከወትሮው የተለየ ነገር ፊታቸው ላይ አላየችም።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ረስተውት ነው ወይ ብለውኛል።»

«አልረሳሁትም» አሉ። ጎንበስ ብለው አንድ ድንች ቀበሩ። «ኮረኔሉን አነሣሻቸው?»

«አነሣኋቸው።»

«አመማቸው?»

ሃኒ ከርነሎች እንዲህ ያለ ነገር እንደማያውቁ ልትነግራቸው ነበር። «አይ፣ ጋሼ» አለች። «አላመማቸውም።»

«ጥሩ ነው።»

ለምን እንደሆነ ሳታውቅ አንድ ነገር ጨመረች። «ሁሉንም ግን አላነሣሁም። አንድ አሮጌ ሁልጊዜ ይቀመጣል። ደንቡ እንደዚያ ነው። አዲሱ አንድ ቀን አልነሣም ካለ እሱ ይጠራል።»

አቶ ገዳሙ ቀና አሉ። «እስከዚያ ምን ይሠራል?»

«ምንም። ይቀመጣል።»

«ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ።»

አቶ ገዳሙ ሌላ አልጠየቋትም። ለመንገድ የተቀቀለ ድንች ሰጥተው ሸኟት።

በሚቀጥለው ረቡዕ ጠዋት አቶ ገዳሙ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን አመንትተው አመንትተው በገቡበት፣ ገና ሁለተኛ ቀናቸው በሆነው ቢሮ ውስጥ ነበሩ፤ ሲያዩአቸው ብድግ ብለው ወንበሩን ለቀቁላቸው።

«ተቀመጪ፣ ተቀመጪ» አሉ አቶ ገዳሙ። «እኔ ለሥራ አልመጣሁም። ዝም ብዬ ልቀመጥ ነው። ድንገት ብትደነግጪ።»

ጉዳዩ ለኮሚቴው ቀረበ። ሃኒ ተጠርታ አንድ አሮጌ በአጠገብ ማስቀመጥ ግዴታ ነው ወይ ተባለች። የሁሉንም ፊት አየች፤ የአቶ ገዳሙንም አየች። ግዴታ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን እንደሚመከር መለሰች። ከመጋዘኑ አንድ ወንበር መጥቶ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጠላቸው። አቶ ገዳሙ እጃቸውን ጋቢው ውስጥ አጣጥፈው ስክሪኑን እያዩ ጥቂት ቆዩና፣ የተራው ጥሪ ሳይጀመር እንቅልፍ ወሰዳቸው። አሥር አለቃ ገብረ ሚካኤል ገበሬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲገባ በር ላይ ቆመው ያሳስቡ ጀመር።